የእትዬ የሺ ግንድ

ውድ አንባብያን፣ ሚስት ለማግባት ሰው የማይሆነው የለም። አንዱ ሥራውን ይቀይራል፣ አንዱ ጠባዩን ያስተካክላል፣ አንዱ ደግሞ ያልነበረውን ትሕትና ከየትም ፈልጎ ያመጣል። እኔ አሥራ አራት ከረጢት ደረቅ ቅጠል ሰብስቤያለሁ። በዚያው ቀን ደግሞ አሥራ አራቱንም ከረጢት በእጄ መልሼ በትኛለሁ። የሆነውን ሁሉ ከሥሩ ልንገራችሁ።

ያኔ ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነበር። በዲቪ አትላንታ ከመጣሁ አራት ዓመት አልፎኛል። ስቶን ማውንቴን አንድ ክፍል ተከራይቼ፣ ከኤርፖርት ሆቴል ሰው የሚያመላልስ ቫን እነዳ ነበር። ስለ ጠባዬ ሁለት ነገር ብቻ እወቁልኝ። አንደኛ፣ ንጽሕና እወዳለሁ፤ መውደድ ብቻም አይደለም፣ ያመኛል ማለት ይቀላል። ቫኔ ውስጥ ፍርፋሪ ካየሁ ተሳፋሪው ሳይወርድ መጥረግ ያምረኛል። በደረቱ የሚሳብ ነገር ካየሁማ መንገድ ቀይሬ ነው የማልፈው። ሁለተኛ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ ሰው መርዳት እወዳለሁ። ይህኛውን ጠባዬን እስከዚያ ቀን ድረስ ትልቅ ምግባር አድርጌ ነበር የምቆጥረው።

ማርታ ደንዉዲ ውስጥ ፋርማሲ ትሠራለች። ሁለት ዓመት አብረን ቆየን። እናቷ ወይዘሮ የሺ ከመተዋወቃችን በፊት በሕመም አርፈዋል። አባቷ አቶ ወርቁ በሱዳን በኩል በስደት የመጡ፣ ሃያ ዓመት ዶሮ ፋብሪካ ሠርተው ፓይን ሌክ ላይ ትንሽ ቤት የገዙ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ማርታ ከመጀመሪያው ቁርጡን ነግራኛለች።

«አባዬ ደስ ሳይለው አላገባም» አለችኝ። «እሱ ያለ እኔ ማንም የለውም። እሺ ካላለ በቃ፣ እንቀራለን። ሲሪየስ ነኝ።»

ስለዚህ እንደ ወጉ ከዐቢይ ጾም በፊት ሦስት ሽማግሌ ላክሁ። ወጉን ታውቁታላችሁ፤ ጠያቂው ልጅ እዚያ አካባቢ ድርሽ አይልም፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ ጥፍሩን ይበላል። መሪው አቶ ተፈራ ናቸው፤ ሱፍና ክራባት ሳያደርጉ ከቤት የማይወጡ የተከበሩ ሰው። ሲመለሱ እንዲህ አሉኝ፦

«ሰውየው ጨዋ ናቸው። "ልጁን አላውቀውም፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት ኑና ቁርጡን እነግራችኋለሁ" ብለዋል። ጓሯቸው ግን ጫካ ነው ልጄ። በረንዳው ላይ ቆመን ስንነጋገር እንሽላሊት ጫማዬ ላይ ወጣች።»

ይህ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ማርታን ስጠይቃት ሳቀች።

«አባዬ ያርዱን ሰው እንዲነካበት አይፈልግም» አለችኝ። «ጓደኛህ ደረጀ አንዴ በነጻ ክሊን ላድርግልዎ ብሎት እምቢ ብሎታል። ተወው።»

እኔ ታዲያ ይህን እምቢታ እንዴት ተረዳሁት መሰላችሁ? ይሉኝታ ነው ብዬ። እኛ እኮ እንተዋወቃለን። ትልቅ ሰው «ተው አትልፋ» ካለ ልፋ ማለቱ ነው። ጠገብኩ ያለውን እንግዳ ሦስቴ አጉርሰን የምንሸኝ ሰዎች ነን። እምቢ ሲሉት እሺ ብሎ የሚቀመጥ ሰው እኛ ዘንድ ያላደገ ነው የሚባለው። እናም አሰብኩ፦ ሚስታቸው የሞተችባቸው ብቸኛ ሰው ጓሮ ለማጽዳት አቅም አጥተዋል፣ ለመጠየቅ ደግሞ አፍረዋል። ለዚህ እኔ ምን አለሁ?

በቀጠሮው ዋዜማ፣ ዓርብ ዕለት፣ ማርታ በስልክ «አባዬ ነገ ጠዋት ክላርክስተን የታመመ ጓደኛውን ሊጠይቅ ይሄዳል፣ በሰባት ሰዓት ይመለሳል» አለችኝ። ለእሷ ምንም አልተነፈስኩም። ለደረጀ ደወልኩለት፤ «እኔን እምቢ ብለውኛል እኮ» ሲለኝ «ይሉኝታ ነው» አልኩት።

ደረጀ የጓሮ ሥራ የሚሠራ ጓደኛዬ ነው፤ ፒክአፕ መኪናና ቅጠል የሚነፋ ብሎወር አለው። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ በጎን ባለው መተላለፊያ ገባን። ጓሮው እውነትም ጫካ ነው። ከኅዳር ጀምሮ የረገፈው ቅጠል እስከ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። በአጥሩ ጥግ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ተቆልሏል። መሐል ላይ ውስጡ የተቦረቦረ፣ ሽበት የመሰለ ሻጋታ ያበቀለ አሮጌ የኦክ ግንድ ተጋድሟል። ከግንዱ ፊት ለፊት አንድ ነጭ የፕላስቲክ ወንበር አለ። ወንበሩ ለምን ወደ ግንድ እንደዞረ ራሴን አልጠየቅሁም።

ብሎወሩን አስነሥቼ ነፋሁት። ቅጠሉ እየተነሣ በተራራ በተራራ ተከመረ። በየቦታው እንሽላሊት እየወጣ ይሮጣል፤ ቡኒ አለ፣ እንደ ቄጠማ አረንጓዴ አለ፣ ጅራቱ እንደ እስክሪብቶ ቀለም ሰማያዊ የሆነ አለ። እኔ በሮጡ ቁጥር እየዘለልኩ፣ ደረጀ እየሳቀ፣ ሥራው ገፋ። ግንዱን ለሁለት ተሸክመን ፒክአፑ ላይ ጫንነው።

«ይኼን ስቶን ማውንቴን ማስፈጫው ጋ እወስደዋለሁ» አለ ደረጀ። «ፈጭተው ለአበባ ሥር ያደርጉታል። እኔ ሌላ ሥራ አለኝ፣ አንተ ቅጠሉን ጨርስ።»

ሄደ። ብቻዬን ቀረሁ። ከግንዱ ሥር በነበረው እርጥብ አፈር ላይ አንዲት ባለ ሰማያዊ ጅራት ቀርታ ኖሮ ወደ እግሬ መጣች። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ በቅጠል መሰብሰቢያው ሬክ ጀርባ አፈሩን መታሁት። እሷ አመለጠች። ጅራቷ ግን መሬት ላይ ቀረና ለብቻው ይገላበጥ ጀመር። አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆሜ አየሁት። አማተብኩ።

ቅጠሉን በአሥራ አራት ከረጢት ሞልቼ ግድግዳው ሥር ደረደርኩ። አሁን የቀረኝ የጥጉ ቅርንጫፍ ነው። ሬኩን አስገብቼ ስስበው ከውስጡ አንድ ግራጫ ነገር ወጣ። የድመት ያህል ነው። ፊቱ ነጭና ሹል፣ ጅራቱ ጠጉር የሌለው። በመንገድ ዳር መኪና ገጭቶት የማየው፣ እኔ ትልቁ አይጥ የምለው እንስሳ ነው። አፉን ከፍቶ ጥርሱን ሁሉ አሳየኝና ፉጨት የመሰለ ድምፅ አሰማ። ጮህኩ። ሬኩን ወርውሬ ወደ ኋላ ዘለልኩ። ሬኩ አልነካውም፣ ክንድ ያህል ርቆ ነው የወደቀው። እንስሳው ግን ተዝለፈለፈና በጎኑ ተዘረረ። ምላሱ ወጣ፣ ለሃጩ ፈሰሰ፣ የሚዘገንን ሽታ አካባቢውን ሞላው።

በድንጋጤ ሞተ አልኩ። እፎይ ልል ስል ግን ሆዱን አየሁት። ሆዱ ላይ እንደ ኪስ የተከፈተ ቆዳ አለ። ቆዳው ከውስጥ ተንቀሳቀሰ። አንዲት የጣት ጥፍር የማታህል ሮዝ እጅ ብቅ ብላ ተመለሰች።

እመቤቴ ድረሺልኝ። አራስ ገድያለሁ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አይጥ የምጠላው ሰውዬ እዚያው መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩና አዘንኩ። የምር አዘንኩ። እናታቸው ከሞተች እነዚያ ልጆች ምን ይሆናሉ? ማንን ልጥራ? ይህን ሳስብ ከፊት ለፊት የመኪና በር ተዘጋ። ሰዓቴን አየሁ፤ ገና አምስት ሰዓት ተኩል ነው። አቶ ወርቁ ቀድመው መጡ።

በመተላለፊያው ብቅ አሉ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ኮፍያ ያደረጉ ሰው ናቸው። የተራቆተውን መሬት አዩ። ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙትን የቅጠል ከረጢቶች አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«አንተ ማነህ?»

«ያሬድ ነኝ ጋሼ።»

«የትኛው ያሬድ?»

«የዘጠኝ ሰዓቱ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ዓይናቸው ወደ ነጩ ወንበር ሄደ፤ ከዚያ ወንበሩ ፊት ለፊት ወዳለው ባዶ ቦታ።

«ግንዱስ?»

«ለክብርዎ ብዬ ነው ጋሼ፣ እንግዳ ስለሚመጣ ጓሮውን ላጽዳልዎ ብዬ...»

«ግንዱ የት አለ?»

«ማስፈጫ ሄዷል።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። አልጮሁም፤ ቢጮሁ በስንት ጣዕሙ።

«የሺ በመጨረሻው ዓመት ከዚህ ወንበር አልፋ መሄድ አትችልም ነበር» አሉ። «እዚህ ተቀምጣ ግንዱ ላይ የሚወጡትን እንሽላሊቶች ትቆጥራለች። ደብተር አላት፣ ትጽፋቸዋለች። ከሥራ ስመለስ "ዛሬ አራት አየሁ ወርቁ" ትለኛለች። አልጋ ላይ በዋለች ጊዜ ደግሞ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ አይቼ ገብቼ እነግራታለሁ። እስካሁንም አይቼ እጽፋለሁ።»

መሬቱ ተከፍቶ በዋጠኝ አልኩ።

«ስልክህን አውጣ» አሉኝ። «ለሽማግሌዎቹ ደውልና አትምጡ በላቸው።»

ስልኬን አወጣሁ። ማርታ ከእጄ ስትወጣ በዓይኔ ታየኝ። ግን ከፍርዱ በፊት ወንጀሌን ሁሉ ልናገር ብዬ፣ «ጋሼ፣ ሌላም አለ» አልኩ። «አራስ ገድያለሁ።»

ቀና ብለው አዩኝ። ወደ ጥጉ አሳየኋቸው። ቀስ ብለው ሄደው ከሩቅ ጎንበስ ብለው አዩዋት፤ ረጅም ጊዜ አዩዋት። ሲመለሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገዋል።

«ፖሰም ናት። አልሞተችም» አሉ።

«ጋሼ፣ ሞታለች እኮ። ሸታለች።»

«ሽታውም የዚሁ ነገር ነው። ስትደነግጥ ሰውነቷ በራሱ እንዲህ ይሆናል፤ አስባበት አይደለም። የሚበላት አውሬ የሞተች መስላው ትቷት ይሄዳል። ጸጥታ ካገኘች ትነሣለች። አንዳንዴ በደቂቃ፣ አንዳንዴ ሰዓታት ይፈጃል።»

«ካልተነሣችስ?»

«እነዚያ ሕፃናት ያለ እሷ አይሆኑም» አሉ።

ይኼኔ ነው የሕይወቴን ምርጥ ዐረፍተ ነገር የተናገርኩት። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

«ጋሼ፣ ከመደወሌ በፊት የወሰድኩትን ልመልስ። ከመለስኩ በኋላ አሁንም ደውል ካሉኝ እደውላለሁ።»

አዩኝ። ከዚያ ኮፍያቸውን አደረጉ። «ግንዱን ይዘህ ና» አሉ።

ወደ መንገዱ ሮጬ ለደረጀ ደወልኩ። አያነሣም። ደገምኩ። በአራተኛው አነሣ።

«ደረጀ፣ ግንዱን አራግፈሃል?»

«ላይን ላይ ነኝ። ከፊቴ አንድ ትራክ ነው ያለው። ምነው?»

«ውጣ ከመስመሩ። ግንዱን መልስ።»

«አንተ ሰውዬ ደህና ነህ? ለጭቃ ግንድ ነው ዩተርን የማደርገው?»

«ደረጀ፣ ማርታ ግንዱ ውስጥ ተኝታለች ብለህ አስብ። ቢፈጩት እሷንም ነው የሚፈጯት።»

ከኋላው የማሽኑ ጩኸት ይሰማል። «መጣሁ» አለ።

ስመለስ አቶ ወርቁ አንዱን ከረጢት ቀደው ቅጠሉን በእጃቸው እየበተኑ ነው። ብሎወሩን ላንሣ ብል በዓይናቸው አስቆሙኝ። ድምፅ የለም፤ ጥጉ ላይ የተኛች አለች። እናም ተንበርክኬ በእፍኝ በእፍኝ መበተን ጀመርኩ። በብሎወር የነፋሁትን በእጅ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ ያላየ አያውቀውም። ወገቤ ተቆረጠ።

አንድ ሰዓት ያህል እንዲሁ በተንን። ከዚያ እንደ ሚስጥር ዝቅ ባለ ድምፅ ጀመሩ።

«ቅጠሉ ቆሻሻ መሰለህ አይደል?»

«ይቅርታ ጋሼ።»

«ሥሩን ግለጠው።» ገለጥኩት። ትል፣ ምስጥ፣ ሸረሪት፣ ትንንሽ ፌንጣ። ልሸሽ ስል ክንዴን ያዙኝ። «እነዚህ ቅጠሉን ወደ አፈር ይመልሱታል። እንሽላሊቶቹ ደግሞ እነዚህን ይበላሉ። ባይበሏቸው ምስጡም በረሮውም ወደ ቤቴ ነው የሚመጣው። እንሽላሊቷን ደግሞ እባብና ወፍ ይበሏታል። እዚያ ዛፍ ላይ የምታየው ጭልፊት ከሰማይ የወረደ ምግብ አይበላም። አየህ፣ አንተ ዛሬ የጠረግከው ገበታ ነው።»

አንዲት አረንጓዴ እንሽላሊት አጥሩ ላይ ወጥታ አየችን። «እስስት ናት?» አልኩ።

«አይደለችም፣ ግን እንደሷ ቀለሟን ትቀይራለች። ቡኒ ስትሆን ታያታለህ። ወንዱ ጉሮሮው ሥር ሮዝ ነገር አለው፣ እንደ ማራገቢያ ይዘረጋዋል። የሺ "ሽማግሌ ሊልክ ነው" ትላለች እሱን ስታይ።» እዚህ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። እኔም ትንሽ ተነፈስኩ።

«እሷስ?» አልኩ ወደ ጥጉ እያመለከትኩ።

«እሷ የሰፈሩ ጽዳት ሠራተኛ ናት። የወደቀ ፍሬ፣ የሞተ ወፍ፣ ቀንድ አውጣ፣ በረሮ፣ ያገኘችውን ሁሉ ትበላለች። የበላችውን ፍሬ ዘር ሌላ ቦታ ትጥለዋለች፣ ይበቅላል። መዥገር በሺህ ትጨርሳለች የሚሉም አሉ፤ እሱ ተጋኗል ይላሉ የሚያውቁት። ግን እዚህ ኮፐርሄድ የሚባል መርዘኛ እባብ አለ፤ መርዙ እሷን እንደ ሌላው አይጎዳትም፣ እንዲያውም ትበላዋለች። ልጆቿን ሆዷ ላይ ባለው ከረጢት ነው የምታሳድገው። ሲወለዱ ንብ ያህላሉ። እንዲህ ያለ እንስሳ በዚህ አገር ሌላ የለም፣ እሷ ብቻ ናት።»

አፌን ከፍቼ ሰማሁ። አይጥ ያልኳት ይህች ናት። እኔ ቫን ውስጥ ፍርፋሪ የምለቅመው ሰውዬ በሙያ የምትበልጠኝን ጽዳት ሠራተኛ ነው ያስደነገጥኩት።

ከኋላው የተሰለፉት መኪኖች መውጫ ዘግተውበት ኖሮ፣ ደረጀ የመጣው ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ሞተሩን ከሩቅ አጥፍቶ፣ በሹክሹክታ እየተራገመ፣ ግንዱን ለሦስት ተሸክመን ገባን። አቶ ወርቁ የት እንደነበር በስንዝር ያውቁታል። «ቀዳዳው ወደ ፀሐይ መውጫ» አሉ፣ ዞር አደረግነው። «ትንሽ ወደ ወንበሩ» አሉ፣ ገፋነው። ገና እጃችንን ሳናነሣ ከቀዳዳው አንዲት ባለ ሰማያዊ ጅራት ብቅ አለች። እስከ ማስፈጫው ሄዳ የተመለሰች መንገደኛ ናት። ደረጀ አያት፣ እኔን አየኝ፣ «ማርታን አመጣኋት» ብሎ ወደ ሥራው ሄደ።

ማርታ ራሷ ከሥራ የደረሰችው ከዚያ በኋላ ነው። በመተላለፊያው ብቅ ብላ ስታየኝ ቦርሳዋን ጣለች። ጭንቅላቴ ላይ ቅጠል፣ ሱሪዬ ጉልበቱ ድረስ አፈር ነው።

«ያሬድ? ዋት? ዛሬ አንተ እዚህ መምጣት አትችልም እኮ። ሽማግሌዎቹ ሊመጡ ነው።»

«ጓሮውን ላጽዳላቸው ብዬ...»

«አይፈልግም ብዬህ ነበር።»

«ይሉኝታ መስሎኝ ነው።»

«አባዬ ይሉኝታ?» አለች። «አባዬ አይ ካለ አይ ነው። በሕይወቴ ይሉኝታ ይዞት አይቼው አላውቅም።» ከዚያ ቅጠሉንም ግንዱንም አየችና ሁሉም ነገር ገባት። ፊቷ ተለወጠ። «የእማዬን ግንድ?» አለች ቀስ ብላ።

«መልሶታል» አሉ አቶ ወርቁ።

ይደውል ወይስ አይደውል አላሉም። እኔም አልጠየቅሁም። ፖሰሟ አሁንም እንደተዘረረች ናት። ከወደቀች ሦስት ሰዓት ሊሞላ ነው።

አቶ ተፈራና ሁለቱ ባልደረቦቻቸው በዘጠኝ ሰዓት ደረሱ። በሩን ቢያንኳኩ የሚከፍት ስላጡ በጎን በኩል ዞረው መጡ። ሱፍ፣ ክራባት፣ የተወለወለ ጫማ። አቶ ተፈራ ሰላምታቸውን ሊያሰሙ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ አቶ ወርቁ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ሽማግሌዎቹ ክው ብለው ቆሙ። አቶ ተፈራ ግን የሃምሳው ቀን ሰላምታ መዝለል አይሆንላቸውምና በሹክሹክታ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» አሉ።

«በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» አሉ አቶ ወርቁም በሹክሹክታ።

ከዚያ አቶ ተፈራ እኔን አዩኝ። ዓይናቸው ፈጠጠ። «ይኼ ልጅ እዚህ ምን ይሠራል? ሥርዓት ቀረ እንዴ?»

«በኋላ» አሉ አቶ ወርቁ። «አሁን አትንቀሳቀሱ። ጥጉ ላይ የተኛች እናት አለች፤ ድምፅ ከሰማች አትነሣም።»

በወጉ ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም። ስለዚህ ቆመው መጠበቁ ለእነሱ አዲስ አይደለም። እንዲህ ያለ ሽምግልና ግን ከዚያ በፊት የታየ አይመስለኝም። ሦስት ባለ ክራባት ሽማግሌዎች፣ አንድ አባት፣ አንዲት ሙሽራና አንድ በቅጠል የተሸፈነ ጠያቂ፣ ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን አንዲት እንስሳ እናያለን። አንዲት እንሽላሊት በአቶ ተፈራ ጫማ ላይ አለፈች። ከንፈራቸውን ነከሱ እንጂ ንቅንቅ አላሉም። ትልቅ ሰው ናቸው።

መጀመሪያ ጆሮዋ ተንቀሳቀሰ። ማርታ እጄን ያዘችኝ፤ አባቷ ፊት ይህን ስታደርግ የመጀመሪያዋ ነው። ከዚያ ሌላኛው ጆሮ። ምላሷን ሰበሰበች። ጭንቅላቷን አንሥታ ዙሪያዋን አየች፤ ገላዋን ወደ ሆዷ አጥፋ ከረጢቷን አሸተተች። ከዚያ ተነሣች። ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ሆዷን እየጎተተች፣ እንደገና በበተንነው ቅጠል ላይ እያንኮሻኮሸች በግንዱ አጠገብ አልፋ ከአጥሩ ሥር ገባች።

አቶ ተፈራ አማተቡ። እኔ አለቀስኩ። አላፍርም፣ አለቀስኩ።

«እንግዲህ» አሉ አቶ ወርቁ ድምፃቸውን መልሰው፤ «ለምን እንደመጣችሁ አውቃለሁ። ባለፈው ልጁን አላውቀውም ብያችሁ ነበር። ዛሬ አወቅሁት። ሳይጠይቅ ገብቶ የሚስቴን ግንድ ወሰደ።» አቶ ተፈራ ወደ እኔ ዞረው በዓይናቸው ገረፉኝ። «ከዚያ ደግሞ አምጥቶ ባለበት አስቀመጠው። አጠፋሁ ብሎ ራሱ ነገረኝ፤ ያላየሁትን ሳይቀር ነገረኝ። በሕይወቴ የወሰዱብኝ ብዙዎች ናቸው። የመለሰልኝ ሰው ግን አላስታውስም። ልጄን ጠይቋት፤ እሷ እሺ ካለች እኔ እሺ ብያለሁ።»

ማርታ እሺ አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ግን ከዛሬ ጀምሮ ኖ ስልህ ኖ ነው» አለች። ሽማግሌዎቹ መረቁን። ምርቃቱ ሲያበቃ አቶ ወርቁ አንድ ቃል ጨመሩ፦ «ብሎወር እቤቱ እንዳይገባ።» እሱም ተመረቀ።

አሁን ከማርታ ጋር እዚያው ፓይን ሌክ፣ ከእሳቸው ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ባለ ቤት እንኖራለን። ጓሯችን በቅጠል የተሞላ ነው። ጎረቤት ሲገረም እኔ ነኝ የማስረዳው፤ አንዳንዴ ሳይጠይቁኝም አስረዳለሁ፣ እሱ ጠባዬ አልለቀቀኝም። በቫኔ ስነዳ መንገድ ዳር ነጭ ፊት ካየሁ ፍጥነቴን እቀንሳለሁ። እንሽላሊት እጄ ላይ ወጥታ አታውቅም፤ ብትወጣ ግን የምጮኽ አይመስለኝም። ማለቴ ብዙ አልጮህም።

እናንተን የምለምናችሁ ሁለት ነገር ነው። ጓሯችሁ ውስጥ አንድ ጥግ አትንኩ፤ የማታውቋቸው ሠራተኞች አሏችሁ። ሁለተኛው ለእኛ ለአገሬ ልጆች ነው፤ ሰው አልፈልግም ሲላችሁ አንድ ጊዜ እመኑት። እኔ ደግነት መስሎኝ የሰውን ሐዘን በፒክአፕ ጭኜ ልኬ ነበር። ደግነቴ ሳይሆን ያዳነኝ፣ በማስፈጫው መስመር ላይ ከደረጀ ፊት አንድ ትራክ መኖሩ ነው።

ባለፈው ሳምንት አማቴ ዓይናቸውን ሊታከሙ ሲሄዱ ደብተሩን ለእኔ ሰጡኝ፤ እሳቸው እስኪመለሱ እንድቆጥር። ነጩ ወንበር ላይ ተቀምጬ ወደ ኋላ ገለጥኩት። መጀመሪያ የእትዬ የሺ ክብ ክብ ጽሕፈት ነው፣ ቀጥሎ የእሳቸው። ያንን ቅዳሜ ፈልጌ አገኘሁት። እንዲህ ይላል፦

«ቅዳሜ። አረንጓዴ፣ ሁለት። ሰማያዊ ጅራት፣ አንድ። ጅራቷ የተቆረጠ፣ አንድ፤ ይበቅልላታል። ፖሰም ከነልጆቿ፣ ተነሥታ ሄደች። አማች፣ አንድ። ይደነግጣል እንጂ ክፉ አይደለም። የሺ፣ ብታይው ትስቂ ነበር።»